የቆርኪ ፊደላት

አስጠኚው የዱቄት ወተት ጣሳውን ምንጣፉ ላይ ሲገለብጠው ቆርኪዎቹ ተንኳኩ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ቦታው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ የአንድ ባለ አራት ፎቅ ብሎክ ሁለተኛ ፎቅ፣ የኮሪደሩ ጫፍ። ከታች አንዱ ጀሪካን ያንከባልላል፣ ባጃጁ ጡሩምባውን ይነፋል፣ እናቶች ልጆቻቸውን በየበረንዳው ይጣራሉ። ሦስቱ ልጆች ግን ለዚህ ሁሉ ጆሮ የላቸውም። አስጠኚው ከክምሩ ውስጥ አራት ቆርኪ መርጦ ፊታቸው ደርድሯል። በእያንዳንዱ ቆርኪ ሆድ ውስጥ በክብ የተቆረጠ ወረቀት ተለጥፏል፤ በወረቀቱ ላይ በእስክሪብቶ አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል ተጽፏል። ኤስ፣ ቲ፣ ኦ፣ ፒ።

«ስቶፕ!» አለች የአራተኛ ክፍሏ ልጅ፣ አፍ ሳታስከፍት።

«እሱማ መንገድ ላይም ተጽፏል» አለ ታላቅ ወንድሟ ቅር ብሎት። ቆርኪዎቹን በጣቱ ገፋ ገፋ አድርጎ «ፖስት» ሠራ። ቀጥሎ «ስፖት» መጣ። ከዚያ «ቶፕስ»፣ ከዚያ «ፖትስ»። ከዚያ ዝምታ ሆነ። አስጠኚው ስድስተኛ እንዳለ በጣቱ አሳያቸው እንጂ ቃሉን አልነገራቸውም። ሦስተኛው ልጅ፣ እስከዚያ አንድም ቃል ያላወጣው፣ ኦ-ን ወደ ፊት፣ ኤስ-ን ወደ ኋላ ወሰደና «ኦፕትስ» ብሎ አነበበ፤ ራሱም የገባው አይመስልም።

«ምን ማለት ነው?» አለው አስጠኚው።

«እኔ እንጃ ቲቸር፤ ቃል ግን ይመስላል።»

ነጥቡ አልተሰጠውም። የጨዋታው ሕግ እንዲህ ነው፦ ያገኘኸውን ቃል ዓረፍተ ነገር ውስጥ ማስገባት ካልቻልክ ቆርኪው ወደ ጣሳው ይመለሳል። ልጁ ተከፋ፤ እኔ ግን ወደዚህ ኮሪደር የመጣሁበትን ጉዳይ ያገኘሁት በዚያች ነጥብ ነው። ከተሰጡ ፊደላት የእንግሊዝኛ ቃል ለቅሞ ማውጣትና እንግሊዝኛ መቻል ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ወላጆች ሁለቱን ያምታታሉ፤ ልጆችም ያምታታሉ።

የካ አባዶ ከከተማው መሐል ሩቅ ነው። ከመገናኛ በሲኤምሲ ወጥተው የቀላል ባቡሩ ሐዲድ የሚያበቃበትን አያትን ካለፉ በኋላ ገና ወደ ጣፎ አቅጣጫ ይቀጥላሉ። በ2013 ዓ.ም. ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ሲመሠረት ሰፈሩ በዚያ ሥር ገባ። ነዋሪው አብዛኛው የ20/80 ቤት በዕጣ ደርሶት ወይም ተከራይቶ የመጣ ነው። እናትና አባት ለሥራ ማልደው ወጥተው ሲመለሱ ይመሻል። ልጁ ከትምህርት ቤት መልስ ያለችውን ሰዓት የሚሞላው አስጠኚ ነው። ከጽሕፈት መሣሪያ መደብሮችና ከፎቶኮፒ ቤቶች በር ላይ «ቤት ለቤት እናስጠናለን» የሚል ወረቀት አይጠፋም። አብዛኛው ወላጅ ደግሞ አስጠኚ ሲቀጥር የሚጠይቀው ሒሳብና እንግሊዝኛ ነው።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ከ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት ይሰጣል፤ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ሲደረስ ፊዚክሱም ባዮሎጂውም በእንግሊዝኛ ነው። የግል ትምህርት ቤቶች ይህን ቀድመው፣ ከአጸደ ሕፃናት ይጀምሩታል። ስለዚህ የየካ አባዶ ልጅ ኮሪደር ላይ የሚጫወትበት ቋንቋ ሌላ፣ የሚፈተንበት ሌላ ነው። ትምህርት ቤት ከሚሰጡት ወርክሺቶች አንዱ የተዘበራረቁ ፊደላትን አስተካክሎ ቃል ማውጣት ሲሆን፣ አስጠኚው ጨዋታውን የፈለሰፈው ልጆቹ በዚያ ወርክሺት ላይ ሲያለቅሱ አይቶ ነው።

ቆርኪውን ከታች ካለው ግሮሰሪ ለመነ። ባለቤቱ ሳቀበት፣ ግን በፌስታል አጠራቅሞ ሰጠው። አስጠኚው በመጀመሪያ ያደረገው ለሁሉም ፊደል እኩል አራት አራት ቆርኪ መመደብ ነበር፤ ሃያ ስድስት በአራት መቶ አራት። «ፍትሐዊ መሰለኝ» ይላል። ጨዋታው ግን አንድ ቅዳሜ እንኳ አልዘለቀም። ከጣሳው ዘግነው ሲያወጡ ለአንዱ ልጅ ሁለት ዜድና አንድ ኪው፣ ለሌላው ኤክስና ጄ ይደርሰዋል፤ ኢ ግን የለም። ያለ ኢ ደግሞ ብዙ የእንግሊዝኛ ቃላት አይሠሩም። ማታ ቤቱ ገብቶ ከልጆቹ የእንግሊዝኛ መማሪያ መጽሐፍ አንድ ገጽ ገለጠና እያንዳንዱ ፊደል ስንት ጊዜ እንደመጣ በጭረት በጭረት ቆጠረ። ኢ ሁሉንም ጥሎ ሄደ። ኪው አንድ ጊዜ ብቻ መጣ። በነጋታው ቆርኪዎቹን ልጦ በአዲስ ድልድል ለጠፋቸው።

እሱ አያውቅ እንጂ ይህን ሥራ ከዘጠና ዓመት በፊት በኒው ዮርክ አንድ ሥራ አጥ አርክቴክት ሠርቶታል። አልፍሬድ ቡትስ ይባላል። አሜሪካ በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ውስጥ በነበረችበት በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ግንባታ ቆሞ እጁ ሥራ ፈታ፤ የጋዜጣ ገጾች ዘርግቶ ፊደል ይቆጥር ጀመር። ከዚያ ቆጠራ የወጣው የቃል ሥሪያ ጨዋታ ስሙን ደጋግሞ ቀያይሮ በ1948 (እ.ኤ.አ.) ለገበያ ባቀረበው በጄምስ ብሩኖት እጅ «ስክራብል» ተባለ። የድልድሉ ቁጥር እስከ ዛሬ አልተነካም፦ መቶ ጠጠሮች፣ ከመቶው አሥራ ሁለቱ ኢ፣ ዘጠኝ ኤ፣ ዘጠኝ አይ። ጄ፣ ኬ፣ ኪው፣ ኤክስና ዜድ አንዳንድ ብቻ። ብርቁ ፊደል ዋጋው ውድ ነው፤ ኪው እና ዜድ እያንዳንዳቸው አሥር ነጥብ ሲያስገኙ ኢ አንድ ብቻ። በኤስ ላይ ግን ቡትስ ተንኮል ሠርቷል። ኤስ በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ውስጥ በብዛት ከሚመጡት ፊደላት አንዱ ቢሆንም በጨዋታው ያለው አራት ብቻ ነው፤ ለምን ቢሉ ኤስ ብዙ ስሞችና ግሦች ጫፍ ላይ ተለጥፎ አዲስ ቃል ስለሚሠራ ጨዋታውን ያለ ልክ ያቀልለዋል። የየካ አባዶ ልጆች ይህችን ዘዴ ደርሰውባታል። «ቶፕስ»ም «ፖትስ»ም «ኦፕትስ»ም የተወለዱት ከእሷ ነው።

አራት ፊደል በ24 መንገድ ይደረደራል። ስድስት ሲሆን 720፣ ሰባት ሲሆን 5,040 ይደርሳል። ይህን ሁሉ በጣቱ እየገፋ የሚሞክር ሰው የለም። ጎበዝ ተጫዋች የሚያደርገው ሌላ ነው፤ አስጠኚውም ልጆቹን የሚያሠለጥነው በዚያ ነው። መጀመሪያ «ጭራ» ይፈለጋል፦ አይ-ኤን-ጂ አለ ወይ? ኢ-ዲ አለ? ኢ-አር አለ? ካለ ተነጥሎ ወደ ቀኝ ዳር ይቀመጣል፤ የቀረው ጥቂት ይሆናል። ቀጥሎ «መንታ» ይፈለጋል፦ ቲ ከኤች፣ ኤስ ከኤች፣ ሲ ከኤች ጋር መሄድ ይወዳሉ። ኪው ደግሞ ዩ ካልተከተላት የምትንቀሳቀሰው ከስንት አንዴ ነው። ይህ ሁሉ ካልሠራ ቆርኪዎቹ በቀጥታ መስመር መሆናቸው ይቀርና በክብ ይደረደራሉ። ዓይን አንዴ ከግራ ወደ ቀኝ ያነበበውን ነገር ለመርሳት ይቸገራል፤ ክብ ግን መጀመሪያም መጨረሻም ስለሌለው ዓይንን ነፃ ይለቅቀዋል።

እኔ ባለሁበት የቀረበው ከባዱ ፈተና ስድስት ፊደል ነበረው፦ ኢ፣ አይ፣ ኤል፣ ኤን፣ ኤስ፣ ቲ። ትልቁ ልጅ ከብዙ መገፋፋት በኋላ «ሳይለንት»ን አገኘ፤ ጸጥተኛ ማለት እንደሆነም ተናገረ። አስጠኚው ግን ሌላ እንደሚቀር፣ በየቀኑ ክፍል ውስጥ እንደሚሰሙት ነገራቸው። አላገኙትም። ቃሉ «ሊስን» ነው፤ መምህራን ሁሉ የሚጮኹት። ልጆቹ ያላገኙት ስለማያውቁት አይደለም። «ሊስን» ሲባል ቲ አይሰማም፤ በጆሮ የሚፈልግ ልጅ ደግሞ ቲ ያለበትን ክምር አይቶ «ሊስን» ይኖራል ብሎ አያስብም። ከዚያው ስድስት ፊደል «ኢንሊስት»፣ «ቲንስል»ና «ኢንሌትስ»ም ይወጣሉ፤ የአራተኛ ክፍል ልጅ ግን እነዚህን ባያውቅ አይፈረድበትም።

እንግሊዝኛ እንዲህ ነው። ድምፁ በአርባዎቹ ውስጥ የሚቆጠር ሲሆን ፊደሉ ሃያ ስድስት ብቻ ነው፤ የሚጻፈውና የሚነገረው ከተለያዩ ብዙ ዘመን አልፏል። ስለዚህ ይህ ጨዋታ የዓይን ጨዋታ ነው። ሆሄ አጻጻፍን ያጠነክራል፤ በዚያ እመሰክራለሁ። አፍ ግን አይፈታም።

ለዚህ የሚገርመው ምስክር ናይጄል ሪቻርድስ የተባለው የኒው ዚላንድ ተወላጅ ነው። በእንግሊዝኛው ስክራብል ደጋግሞ የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። በ2015 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ በፈረንሳይኛው የዓለም ሻምፒዮና ተወዳድሮ አሸነፈ፤ ፈረንሳይኛ ግን አይናገርም። ያደረገው የፈረንሳይኛውን የቃል ዝርዝር በጥቂት ሳምንታት መሸምደድ ነው። በ2024 በስፓኒሽም ይህንኑ ደገመው። ምን ማለት እንደሆኑ ማወቅ ለድሉ አላስፈለገውም። በዚያው በ2015 በእንግሊዝኛው የዓለም ሻምፒዮና ያሸነፈው ናይጄሪያዊው ዌሊንግተን ጂጌሬ ነበር፤ ከአፍሪካ የመጀመሪያው። ናይጄሪያ ውስጥ ስክራብል አሠልጣኝና ውድድር ያለው ስፖርት ሆኖ ሲያድግ፣ እኛ ዘንድ ያየሁት ገና በአንድ ኮሪደር ላይ በቆርኪ ነው።

ይህን እያወራን የሁለቱ ልጆች እናት ቡና ይዛ ወጣች። ቆርኪዎቹን አየች፣ አስጠኚውንም አየች።

«እኔ በወር የምከፍለው ቆርኪ እንዲጫወቱ ነው እንዴ ወንድሜ?»

«ሆሄ እያጠናን ነው እትዬ» አለ አስጠኚው፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ። «ቃል ሲለቅሙ አጻጻፉ ዓይናቸው ላይ ይቀራል።»

እናትየው አልተዋጠላትም። ግን ሲኒውን አስቀምጣ ቁጭ አለች። በዚያን ጊዜ ልጆቹ ወደ ሁለተኛው የጨዋታ ዓይነት ተሻግረዋል፦ እነዚያን አራት ፊደላት፣ ኤስ፣ ቲ፣ ኦና ፒን፣ በውስጡ የያዘ ማንኛውም ቃል ይፈቀዳል፤ ሌላ ፊደል ቢጨመርም ችግር የለም። ልጆቹ «ስቶፕድ» «ስፖትስ» እያሉ በጭራ ያራቡ ጀመር። እናትየው ትንሽ አሰበችና «ሆስፒታል አይሆንም?» አለች። አስጠኚው በአየር ላይ በጣቱ ጻፈው፦ ኤች፣ ኦ፣ ኤስ፣ ፒ፣ አይ፣ ቲ፣ ኤ፣ ኤል። አራቱም አሉበት። «ፓስፖርትስ?» አሁንም አሉበት። «ስፖርት፣ ትራንስፖርት፣ ፖስተር» አለች እየሳቀች። ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው አዩዋት። እንግሊዝኛ አልችልም የምትል ሴት፣ በየቀኑ የምትኖርባቸውን ቃላት እየመዘዘች ልጆቿን አሸነፈቻቸው። አስጠኚውን ይቅር አለችው ለማለት ግን አልደፍርም፤ ቡናውን ከቀዳች በኋላ «ለማንኛውም ሒሳቡንም አትርሳ» ብላ ገባች።

በስልክ ከተሰጡ ፊደላት ቃል ማውጣት ከሰከንድ በታች ነው የሚያልቀው፤ አሠራሩን ማወቅ ደግሞ ጨዋታውን አያረክሰውም። ኮምፒዩተሩ ብልሃቱ አንድ ነው፦ እያንዳንዱን ቃል ፊደሎቹን በኤ-ቢ-ሲ ተራ ደርድሮ አንድ ማኅተም ይሠራለታል። «ስቶፕ» ሲደረደር ኦ-ፒ-ኤስ-ቲ ይሆናል፤ «ፖስት»ም፣ «ስፖት»ም፣ ሌሎቹም ያው ኦ-ፒ-ኤስ-ቲ ናቸው። ስለዚህ ስድስቱም አንድ መሳቢያ ውስጥ ይገባሉ። የሚፈልገው ሰው ፊደላቱን ሲያስገባ ማሽኑ እነሱን በዚያው ተራ ደርድሮ ያን መሳቢያ ብቻ ይከፍታል። 24ቱን ድርድር አይሞክርም። «እነዚህን ፊደላት የያዘ ቃል» ሲባል ደግሞ በየቃሉ እየሄደ ኤስ አለህ? ቲ አለህ? እያለ ይጠይቃል፤ አንዱ ከጎደለ ያልፈዋል። ብዙ የእንግሊዝኛ ተወዳዳሪዎች የሚጠቀሙበት የኮሊንስ ዝርዝር ወደ 280,000 የሚጠጋ ቃል ቢይዝም ለስልክ ይህ ምንም አይደለም።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን የቃል ዝርዝሩ ቀድሞ ስላለ ነው። አንድ ሰው፣ አንድ ተቋም፣ ተቀምጦ «ይህ ቃል ነው፣ ይህ አይደለም» ብሎ ወስኗል። በዚያ ዝርዝር ውስጥ የእኛም ቃላት ገብተውበታል፤ ብር፣ ጤፍ፣ ንጉሥ፣ ጭላዳ። ገላዳ ብለው የሚጽፉት ጭላዳን ነው። ብር በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ሁለት አር ይፈልጋል። ጤፍ ሁለት ኤፍ አለው፤ በስክራብል ከረጢት ውስጥ ደግሞ ያሉት ኤፍ ጠጠሮች ሁለት ብቻ ናቸው። ጤፍን በሁለት ኤፍ መጻፍ የፈለገ ተጫዋች ሁለቱንም ይመኛል። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ ጤፍ በእንግሊዝም ተወደደ ብለው ሳቁ።

አስጠኚው አንድ ነገር ደጋግሞ አይቷል። ልጆቹ እንግሊዝኛ ሲጽፉ የሚጥሉት አናባቢውን ነው። «ቴብል»ን ቲ-ቢ-ኤል ብለው ጽፈው ያስረክባሉ። ስንፍና አይደለም። በፊደላችን በ በራሱ ድምፅ አለው፤ አናባቢው ከተነባቢው ጋር አብሮ ተቀርጿል እንጂ ለብቻው አይቆምም። ልጁ ቢ-ን ሲያይ «በ»ን ወይም «ብ»ን አየ፤ ሌላ ምን ያስፈልገዋል? በስልክ መልእክትም አዋቂው ይህንኑ ያደርጋል። ሰላም ለማለት ኤስ-ኤል-ኤም ጽፎ ይልካል፤ ተቀባዩም ሳይደናገር ሰላም ብሎ ያነበዋል። አማርኛ ተናጋሪ ቃልን የሚሸከመው በተነባቢ አጥንቱ ነው፤ አናባቢው ሥጋ ሆኖ በኋላ ይለብሰዋል።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የጣመኝ። አስጠኚው ልጆቹ «በአማርኛስ?» ብለው ስለነዘነዙት የአማርኛ ቆርኪ ለመሥራት ተነሣ። ሠላሳ ሦስቱን ፊደል በሰባት ሲያበዛ 231 ሆነበት፤ ዲቃላዎቹን ሳይጨምር። ግሮሰሪው ያን ያህል ቆርኪ ቢያቀርብም ጨዋታው አይሄድም። አንድ ልጅ ሙ፣ ጌ፣ ጶ፣ ዢ ቢደርሰው ምን ያደርጋል? በእንግሊዝኛ ኤ-ን ከኤም ለይቶ ወዲያ ወዲህ ማድረግ ይቻላል፤ ማ-ን ግን ማን ይሰነጥቀዋል?

መፍትሔው ቀላል ሆነ። ግዕዙን ብቻ ጻፈ፤ ለ፣ በ፣ ሰ እያለ ሠላሳ ሦስት ቆርኪ። ሕጉ፦ ልጁ ፊደሉን ከግዕዝ እስከ ሳብዕ እንደፈለገ ማንበብ ይችላል። ሦስት ቆርኪ አወጣላቸው፦ ለ፣ በ፣ ሰ። ለበሰ ወዲያው ወጣ። ከዚያ በሰለ። ትንሿ ልጅ «ሰለበ» አለች፤ ሰላቢ የአያቷ ተረት ውስጥ አለና። ከዚያ ወደ ሳድስ ሲወርዱ ልብስ፣ ብስል፣ ስልብ። ከዚያ ደግሞ ሰብል፣ በለስ። ሦስት ተነባቢ ይህን ሁሉ ሰጠ። መ፣ ከ፣ ረ ሲመጣ መከረ፣ ከመረ፣ ከረመ ሆነ። ቀ፣ በ፣ ረ ሲሆን ቀበረ፣ ቀረበ፣ በረቀ። በእንግሊዝኛ ከአራት ፊደል ስድስት ቃል ያስደነቃቸው ልጆች በራሳቸው ቋንቋ ከሦስት ፊደል ስምንት ለቀሙ፤ የእያንዳንዱንም ትርጉም ያውቁታል። ያ የማይቻል የሚመስለው ሕግ፣ ዓረፍተ ነገር ካልሠራህ ነጥብ የለም የሚለው፣ በአማርኛ ማንንም አላስከፋም።

አስጠኚው ሳያውቀው የደረሰበት መንገድ የመዝገበ ቃላት ሊቃውንት መንገድ ነው። አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ከመምህራቸው ከአለቃ ክፍለ ጊዮርጊስ ጅምር ተረክበው ዕድሜያቸውን የሰጡበትን የግዕዝ መዝገበ ቃላት ደቀ መዝሙራቸው አለቃ ደስታ ተክለ ወልድ በ1948 ዓ.ም. አሳተሙት። ያ መጽሐፍ በሀለሐመ ሳይሆን በአበገደ ተራ ነው የሄደው፤ ቃሉንም በሥሩ ነው የሚያስገባው። አልባስን የሚፈልግ አንባቢ አ ላይ ቢያፈላልግ አያገኘውም፤ ቅጥያውን ገፎ፣ አናባቢውን ረስቶ፣ ለበሰ ላይ መድረስ አለበት። አለቃ ደስታ በ1962 ዓ.ም. ለአማርኛው የራሳቸውን ትልቅ መዝገብ አወጡ። በመካከሉ በ1951 ዓ.ም. የከሣቴ ብርሃን ተሰማ አለ። በሥር ቃል የተሰናዳ መዝገብ የሚጠቀም ሁሉ፣ ቃል ከማግኘቱ በፊት ፊደል መልቀም ግዴታው ነው። እኔ እንደሚመስለኝ በዚህ አገር ከተሰጡ ፊደላት ቃል የማውጣት ጨዋታ ድሮም ነበር፤ ተጫዋቾቹ ግን ደብተራዎችና መምህራን ስለነበሩ ጨዋታ አልተባለም።

ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የሚሻገር ተማሪ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1973 የታተሙት ሁለት መዝገበ ቃላት አሉት፤ የአምሳሉ አክሊሉና የሞስባክ፣ እንዲሁም የቮልፍ ሌስላው። አንዱ የአስጠኚው ቦርሳ ውስጥ ጀርባው በፕላስተር ተለጥፎ አለ። ልጆቹ «ኦፕትስ»ን ያረጋገጡት ከዚያ ነው፤ ኤስ-ን ገፈው።

የአማርኛው ጨዋታ ግን ሁለት ቅዳሜ ሳይሞላው ጠብ አስነሣ። «ልብሴ» አዲስ ቃል ነው ወይስ ያው ልብስ? «አልለበስኩትም»ስ? በአማርኛ አንድ ግስ ላይ የሚለጠፈው ማን እንዳደረገው፣ ማንን እንዳደረገው፣ እንዳላደረገው ጭምር ሲሆን፣ በእንግሊዝኛ ሙሉ ዓረፍተ ነገር የሚሆነው እኛ ዘንድ አንድ ቃል ነው። እንግሊዝኛ የኤስ-ን ጠብ የፈታው በዝርዝር ነው፤ ዝርዝሩ ውስጥ ካለ አለ፣ ከሌለ የለም። ልጆቹም ዳኛ ፈለጉ። አስጠኚው ስልኩን አወጣ። የእንግሊዝኛ ፊደል ሲያስገባ ቃል የሚዘረግፍ መተግበሪያ ስልኩ ላይ አለ። ለአማርኛ ግን በእጁ ያለው ወረቀት ብቻ ነው።

ችግሩ የቴክኖሎጂ አይደለም። የኢትዮጵያ ፊደል ከ1999 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በዩኒኮድ ውስጥ ስላለ ማንኛውም ዘመናዊ ስልክ ያነበዋል፣ ይደረድረዋልም። ማኅተም የመሥራቱ ብልሃት ለእኛ እንዲያውም ይቀላል፤ ፊደሉን ሁሉ ወደ ግዕዙ መልሶ መደርደር ነው። ለበሰ፣ ብስል፣ ሰብል ሁሉም አንድ መሳቢያ ይገባሉ። የሚያስቸግረው ሌላ ነው። ፀሐይን አንዱ በጸሎቱ ጸ፣ ሌላው በፀሐዩ ፀ ይጽፋል፤ መካከለኛውን ደግሞ በሀ፣ በሃ፣ በሐ፣ በሓ፣ በኀ፣ በኃ። ሁለት በስድስት አሥራ ሁለት ዓይነት አጻጻፍ ይሆናል፤ ለማሽን አሥራ ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። ሊቁ ይህን ልዩነት እንደ ሀብት ይጠብቀዋል፣ ትክክልም ነው፤ ነገር ግን ለልጆች ጨዋታና ለፍለጋ ሲሆን ሞክሼዎቹን አንድ መሳቢያ ውስጥ ማስገባት ማንንም አይጎዳም። በመጽሐፉ ላይ ፀሐይ እንደ ፀሐይ ይቀራል።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ጥናትና ምርምር ማዕከል በ1993 ዓ.ም. ያሳተመው አማርኛ መዝገበ ቃላት አለ። ትርጉሙንና ማብራሪያውን ማንም አልጠየቀም፤ ያ የደራሲዎቹ ድካም ነውና የመብት ጉዳይ አለው። የራስ ቃላቱ ዝርዝር ብቻ፣ ፊደል አስገብተው በሚፈልጉበት መልክ በነፃ ቢለቀቅ፣ ኮምፒዩተር ሳይንስ የሚማር አንድ ጎበዝ ተማሪ በአንድ ክረምት መተግበሪያውን ይሠራዋል። ዩኒቨርሲቲውም፣ የቀደሙትን መዝገበ ቃላት የማሳተም መብት የያዙ ወገኖችም ይህን ቢያስቡበት መልካም ነው። የየካ አባዶ ልጆች ከኤስ-ቲ-ኦ-ፒ ስድስት ቃል እንደሚወጣ አውቀዋል። ከለ-በ-ሰ ስንት እንደሚወጣ የሚዳኛቸው ግን እስካሁን አስጠኚያቸው ብቻ ነው።